የሪያድ ባቡር እና የእረፍት ቀን

ሪያድ ለመኪና የተሠራች ከተማ ናት። ቤንዚን ርካሽ ስለነበር ለረጅም ዓመታት ያለ ሜትሮ ኖረች። ሴቶች እንዳይነዱ በተከለከለበት ዘመን ደግሞ ብዙ ቤት ሾፌር ይቀጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ ተጨመረ፤ በ2018 ሴቶች እንዲነዱ ተፈቀደ። የግንባታ ውሉ በ2013 የተፈረመው ሜትሮም ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ሥራ ጀመረ፦ 6 መስመር፣ 85 ጣቢያ፣ 176 ኪሎ ሜትር፣ ያለ ሾፌር።

ባቡሩን የቀረጸው ግን ምህንድስና ብቻ አይደለም። አንደኛ ማዕረግ፣ የቤተሰብ እና የብቸኛ ወንዶች ክፍል የተለየው የአገሩን ልማድ ተከትሎ ነው። ብቻዋን የምትሄድ ሴት የቤተሰብ ክፍል ትገባለች።

ቲኬቱ 4 ሪያል ነው፤ ለ2 ሰዓት ያገለግላል። የቤቱን ሾፌር ደጅ ሳይጠኑ ከኦላያ ባትሃ መድረስ ይቻላል። ግን ከቤት የማትወጣ እህት ባቡሩ ምን ይጠቅማታል? በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይሰጣል። ባቡሩ ደጃችን ቢደርስም የሚያሳፍረን ይህ መብት ነው። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ የእረፍታችሁ ቀን የትኛው እንደሆነ በግልጽ አስጽፉ።