ከጨለማው ይጀመራል

በዘይት ቀለም መሣል የሚያምረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአበባ ወይም በሰው ፊት ይጀምርና ሳይውል ሳያድር ይተወዋል። እኔ ለጀማሪ የምመርጥለት የሌሊት ከተማ መቅዳትን ነው፤ ዮሃን ክርስቲያን ዳል በ1839 እ.ኤ.አ. የሣለውን፣ በሙሉ ጨረቃ የሚታየውን የጀርመን ከተማ ድሬስደንን።

ዳል በ1788 ኖርዌይ በርገን ተወልዶ ከ1818 ጀምሮ ድሬስደን የኖረ ሠዓሊ ነው። ከሌላው የሮማንቲክ ዘመን ሠዓሊ ከካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ ጋር በአንድ ቤት ኖረዋል። ሁለቱም ጨረቃ አይጠግቡም ነበር።

የሰው ሥዕል መቅዳት ያሳፍራል የሚሉ አሉ። ለምን እንደሚያሳፍር አይገባኝም። የእኛም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች እጃቸውን ያፍታቱት የመምህራቸውን ሥዕል እያዩ ነው። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ዛሬም ለቀጂዎች ፈቃድ ይሰጣል፤ ቅጂው ግን ከዋናው ጋር እኩል መጠን እንዲኖረው አይፈቅድም። እናንተም ከሸራው ጀርባ «ከዳል የተቀዳ» ብላችሁ ጻፉበት።

ይህን ሥዕል የመረጥኩት ቀለሙ ጥቂት ስለሆነ ነው። ነጭ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ የተቃጠለ አምበር የሚባለው ጥቁር ቡኒና ቢጫ ኦከር ይበቃሉ። ጥቁር አትግዙ። ሰማያዊውና ቡኒው ሲደባለቁ የሚወጣው ጨለማ ከቱቦው ጥቁር ይበልጣል፤ ሲፈልጉት ወደ ብርድ፣ ሲፈልጉት ወደ ሙቀት ያደላል።

ዋናው ሥዕል 78 በ130 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 30 በ50 የሆነ ሸራ ልኩን ሳያዛባ ይቀበለዋል። ሸራውን በየ5 ሳንቲ ሜትሩ፣ የሥዕሉን ፎቶ ደግሞ ወርዱን በ10 ቁመቱን በ6 ከፍላችሁ አስምሩና ካሬውን በካሬ አስተላልፉ። ከዚያ ሸራውን በቀጭን ቡኒ ቀብታችሁ በጨርቅ ጥረጉት። ነጭ ሸራ ላይ ሌሊት አይመሽም።

አሁን ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ፎቶውን እዩ። ዝርዝሩ ይጠፋና የፍራውንኪርሸ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ጨረቃ ባበራችው ሰማይ ላይ እንደ አንድ ጥቁር ቅርጽ ይቀራል። (ያ ጉልላት በ1945 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ፈርሷል፤ ዛሬ ያለው እንደገና ተሠርቶ በ2005 የተመረቀው ነው።) መጀመሪያ የሚሣለው ያ ቅርጽ ነው፤ መስኮቶቹ የመጨረሻ ናቸው። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ከመስኮቶቹ ጀምሬ የገና ዛፍ የመሰለች ከተማ ሠራሁ።

የታችኛው ንብርብር በማቅጠኛ የሳሳ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ቶሎ የሚደርቀው ከላይ ከሆነ ከሥሩ ያለው ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በየንብርብሩ መካከል ቀናት መጠበቅ የግድ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ውሃ ቀለም ይግዛ።

ከሁሉ የሚጥመው በኤልበ ወንዝ ላይ የወደቀው የጨረቃ ብርሃን ነው። ነጩን ከቱቦው እንደወጣ አትቀቡት፤ ቅንጣት ኦከር ጨምሩበት። ብሩሹን አግድም ይዛችሁ አጫጭር ጭረት ጣል ጣል አድርጉ፣ በመካከሉ ጨለማው ይታይ። ዳርቻውን በጣት ጫፍ ነካ ብታደርጉት ውሃው መንቀሳቀስ ይጀምራል። መስኮቶቹ ደግሞ የኦከር ነጥብ ብቻ ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው ሰማያዊ ራሱ እሳት ያስመስላቸዋል።

አንድ ነገር አደራ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ሥራ ስትጨርሱ ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ንከሩት።