ለመውጣት ሲታሰብ መመለስ ይቀድማል

በጌዴኦ ተራሮች የአንድ ቀን ጉዞ ለሚያቅዱ

ታቦታቱ በዝማሬና በእልልታ ወደ መንበራቸው ከተመለሱ፣ ቃና ዘገሊላም ካለፈ በኋላ በየቤቱ የሚሰማ አንድ የተለመደ ጭውውት አለ። ለበዓል ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከዲላ ወደ ወላጆቻቸው የመጡ ወጣቶች ከዘመድ አዝማድ ጋር ተሰባስበው «ከመመለሳችን በፊት አንድ ቀን ወደ ተራራው እንውጣ» ይባባላሉ። አሳቡ መልካም ነው። ወቅቱም ያግዘዋል። በጌዴኦ ምድር ዝናቡ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ኋላም ከክረምቱ እስከ ጥቅምት በመሆኑ፣ ጥር ሰማዩ የሚጠራበትና መንገዱ የሚደርቅበት ወር ነው። ነገር ግን በምሽት ጨዋታ መካከል የተወለደ አሳብ በማግስቱ ጠዋት ያለ ዝግጅት ወደ መንገድ ሲወጣ፣ የደስታው ቀን የጭንቀት ሌሊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዞው እንዴት መታቀድ እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ተራራ መውጣት ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አይደለም። መጋቢት 5 ቀንና ጥቅምት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል ለማክበር 2,989 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ዝቋላ የሚወጣውን ምእመን ማሰብ ይበቃል። ከእኛ ርቀንም ብንመለከት፣ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቅዱሳት መካናትን የተሳለመችው ኤገርያ የተባለች ሴት የሲና ተራራን እንዴት እንደ ወጣች ጽፋ ትታለች። ሌሊቱን በተራራው ግርጌ በመነኮሳት ዘንድ አደረች፤ እሑድ ማለዳ የቦታውን መነኮሳት መሪ አድርጋ በእግሯ ወጣች፤ 4 ሰዓት ላይ ከጫፉ ደረሰች። የዚያ ዘመን ሰዓት እንደ እኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ የሚቆጠር ስለነበር 4 ሰዓቷ የእኛው የረፋዱ 4 ሰዓት ነው። 10 ሰዓት ገደማም ወርዳ፣ ቤተ ክርስቲያንና ማደሪያ ካለበት ቦታ ደርሳ ነበር። ዛሬ ስለ ተራራ ጉዞ የሚሰጠው ምክር ሁሉ በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ይገኛል፦ ከተራራው አጠገብ ማደር፣ ማለዳ መነሣት፣ አገሩን የሚያውቅ መሪ መያዝ፣ ቀን ሳለ መውረድ።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ዲላ የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የዞኑ ምድር ግን በዐባያ ሐይቅ አቅጣጫ ካለው 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅታ ተነሥቶ በሐሮ ወላቡ አካባቢ 3,000 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከይርጋ ጨፌ ወደ ደቡብ ሲታለፍ በጌዴብ ወረዳ የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ በዚህ ከፍታ መካከል፣ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ባለው የቡና አገር የተቀመጠች ናት። የስሟ ዝና በቡናዋ ምክንያት ባሕር ተሻግሯል። ከላይ ታላላቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጥላ ቡና የሚበቅልበት ይህ የተዳፋት እርሻ፣ ከጥብቅ ደኖቹና በየሸንተረሩ ከቆሙት ትክል ድንጋዮች ጋር «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብሎ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱን መንገድ እንያዝ?» የሚለው ነው። በዚህ አገር ወደ ሸንተረሩ የሚወጣው የእግር መንገድ ገበሬው ወደ ማሳው፣ እናቶች ወደ ገበያ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄድበት ነው። በየጓሮው መካከል እየታጠፈ፣ እየተከፈለ ስለሚሄድ እንግዳ ሰው አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ፣ መንገዱን የሚያውቅ የቀበሌው ሰው መሪ ሆኖ ሊወጣ ይገባል። ለውሎውም ተገቢው ዋጋ አስቀድሞ በግልጽ ይስማሙበት፤ በበዓል ሰሞን ሥራውን ትቶ የሚወጣ ሰው በምስጋና ብቻ ሊሸኝ አይገባውም።

መሪ ከመያዝም በፊት ለቀበሌው አስተዳደርና ለአካባቢው ሽማግሌዎች ማሳወቅ ያስፈልጋል። በጌዴኦ ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው። ይህን የምንለው ለወጉ ብቻ አይደለም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው በተፈናቀሉ ጊዜ፣ ጎቲቲ ተፈናቃዮች ከተጠለሉባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። እንዲህ ያለውን መከራ ያየ ሕዝብ በማለዳ ከጓሮው ጀርባ የሚያልፉ የማያውቃቸው ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ማወቅ መብቱ ነው። መንገደኛውም የአካባቢውን ሰላምና የመንገዱን ሁኔታ ከባለቤቱ መስማቱ ለራሱ ደኅንነት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ለመሥራት ያሰበው ሰው ከመጀመሩ በፊት ወጪውን እንዲያሰላ የተነገረው ምሳሌ ለተራራ ወጪም ይሠራል፤ የተራራው ወጪ የቀን ብርሃን ነውና። ዊሊያም ኔስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያስተማረው ቀላል ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሰዓት ይያዛል። ለምሳሌ እስከ ሸንተረሩ ጫፍ 10 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድና 600 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ መንገድ 3 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ብርቱ እግረኛ ነው። ልጆችና ከከተማ የመጡ እንግዶች ባሉበት ጉዞ የዚህን ግማሽ መጨመር፣ ማለትም 4 ሰዓት ተኩል ማሰብ ብልኅነት ነው።

በጥር ወር በጌዴኦ ፀሐይ የምትወጣው ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ፣ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ከታላላቅ ዛፎች ሥር ደግሞ ጨለማው ከዚያም ይቀድማል። ስለዚህ ከንጋቱ 1 ሰዓት የተነሣ ጉባኤ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከጫፉ ይደርሳል፤ አንድ ሰዓት አርፎ 6 ሰዓት ተኩል ላይ መውረድ ቢጀምርና ቁልቁለቱ 4 ሰዓት ቢወስድበት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። የሚተርፈው 2 ሰዓት ለተጣመመ ቁርጭምጭሚት፣ ለተሳሳተ መታጠፊያ፣ ላልታሰበ ዝናብ የተቀመጠ ስንቅ ነው፤ ለጨዋታ ተብሎ አይበላም። ከዚህ ስሌት የሚወጣው ዋናው ነገር የመመለሻው ሰዓት ነው። ጫፉ ተደረሰም አልተደረሰም፣ 7 ሰዓት ሲሆን ፊት ወደ ቤት ይዞራል። ይህ ሰዓት ከዋዜማው በሁሉም ፊት ይወሰን፤ ከቤት ለሚቀሩትም ይነገር፤ የሚሄዱበት መንገድና የሚመለሱበት ጊዜ በቤት የሚታወቅ ከሆነ ቢዘገዩ የሚፈልጋቸው አይጠፋም።

ሦስተኛው ስንቅና ልብስ ነው። በየ1,000 ሜትር ሽቅብ አየሩ በ6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከዲላ በሸሚዝ የተነሣ ሰው በላይኛው ሸንተረር ሹራብና የዝናብ ልብስ ያስፈልገዋል። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊሰማው የሚችል ሰው አለና እንዲህ ያለው ምልክት ከበረታ መድኃኒቱ መውረድ ነው። አዲስ ጫማ በዚያ ቀን አይጫማ፤ እግር የለመደው፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ይመረጥ። የአካባቢው ቀይ አፈር ጥቂት ጤዛ ሲያገኘው ያንሸራትታልና ምርኩዝ መያዝ አያሳፍርም፤ በተለይ በቁልቁለቱ፣ ጉልበት ሲደክምና አሳብ ወደ ቤት ሲቀድም መንሸራተት ይበዛል።

ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ወራጅ ውኃ አይጠጣ፤ በተለይ በቡና መልቀሚያ ሰሞን ከቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በታች ያለው ወንዝ በፍሳሽ ይበከላል። ምግቡ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ የአካባቢው ቆጮም ቢሆን ይበቃል። በእኛ ቤት ደግሞ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ጾም ላይ ሆኖ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ብርቱ ሽቅብ መያዝ ሰውነትን ለአደጋ መስጠት ነው። ጾሙን ሳይነኩ ጉዞውንም ሳያጓድሉ ለመሄድ ረቡዕና ዓርብ ያልሆነ ቀን ይመረጥ፤ የሕመምተኞችን ነገር ደግሞ ሐኪምና የንስሐ አባት አስቀድመው ይወቁት።

በመንገድ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ የሚዘገየው ሰው ይሁን፤ ከመሪው ቀጥሎ እርሱ ይሂድ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ብርቱ ይከተል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ስለ አካሄድ ሥርዓትም እንናገር። እንሰት ለምግብ የሚደርሰው ከጥቂት ዓመታት ድካም በኋላ ነውና ለጥላ ወይም ለፎቶግራፍ ሲባል ቅጠሉን መቅደድ የሰው ጎተራ መቅደድ ነው። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና አይነካ፤ እሸቱም ከዛፉ አይለቀም። ሽማግሌዎቹ ከሚጠብቋቸው ደኖች እንጨት አይሰበር፤ ያለ ፈቃድም አይገባ። በትክል ድንጋዮቹ ላይ መቀመጥ፣ መውጣትና ስም መጫር ነውር ነው። እኛ የቤተ ክርስቲያናችን ዐፀድ እንዲከበር እንደምንሻ ሁሉ፣ ሌላው ወገን አባቶቹ ያቆዩለትን ቦታ እንድናከብርለት ይሻል።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ እንኳ አንድ ከባድ ፈተና ይቀራል፤ እርሱም ጫፉ በዓይን እየታየ የመመለሻው ሰዓት መድረሱ ነው። በምናውቀው አንድ የበዓል ጉዞ ይኸው ደረሰ። ወጣቶቹ ዘግይተው ተነሥተው ስለነበር 7 ሰዓት ሲሆን ሸንተረሩ ገና ከፊታቸው ነበር። «ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይጨምሩልን» ብለው ለመኗቸው። መሪያቸው የነበሩት አዛውንት ገበሬ ምርኩዛቸውን ተክለው «ልጆቼ፣ ተራራው ነገም እዚሁ ነው፤ እናቶቻችሁ ግን የሚጠብቁት ዛሬ ማታ ነው» አሏቸው። እያጉረመረሙ ተመለሱ። ከመንገዱ አጋማሽ ሳይደርሱ ጉም ወርዶ ያን ሸንተረር ሸፈነው፤ ዝናብም ተከተለ። ቁልቁለቱ ጭቃ ሆኖ ከታሰበው በላይ ዘገዩ፤ ከመንደሩ የደረሱት ሊመሽ ሲል ነው። ያ ግማሽ ሰዓት ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ጨለማ ባገኛቸው ነበር። ዛሬ ከእነርሱ መካከል ያንን ጫፍ ባለማየቱ የሚጸጸት የለም።

ጥቁር ደመና ሲሰበሰብ፣ ነጎድጓድ ሲሰማ፣ ከመካከል አንዱ ሲያነክስ ወይም ሲያቅለሸልሸው፣ መሪው ሲያመነታ፣ ሰዓቱም ሲደርስ ጉባኤው ሳይከራከር ይመለስ። በነጎድጓድ ጊዜ ከሸንተረሩ ጫፍና ለብቻው ከቆመ ዛፍ መራቅ ግዴታ ነው። የመለሰ ሰው ፈሪ አይባል፤ ይልቁንም ከቤቱ አደራ የተቀበላቸውን ልጆች ቆጥሮ የሚያስረክብ ታማኝ ይባላል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ በዚህ ሰሞን ወደ ተራራው ለመውጣት ያሰባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ከቡናው ዙሪያ ተቀምጣችሁ ሰዓቱን ቁጠሩ፣ ስንቁን መዝኑ፣ መሪውን አነጋግሩ፣ የመመለሻችሁንም ጊዜ ለእናቶቻችሁ ንገሩ። የበዓሉ ደስታ ሙሉ የሚሆነው ጠዋት የወጡት ሁሉ ማታ ከአንድ ገበታ ሲቀርቡ ነው። ወጥቶ መግባትን ይባርክላችሁ፤ የከርሞ ሰውም ይበላችሁ።