ያውቁ ኖሯል? የአሜሪካ ድምፅ ሲመዘን

ያውቁ ኖሯል? በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አል ጎር ጆርጅ ቡሽን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ በሆነ ድምፅ በልጠው ነበር፤ የተሸነፉት ግን እሳቸው ናቸው። ቡሽን ዋይት ሐውስ ያስገባቸው ፍሎሪዳ ላይ ያገኙት የ537 ድምፅ ብልጫ ነው። ዳግም ቆጠራውን ያስቆመው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲሆን፣ ውሳኔውም አምስት ለአራት ነበር። በ2016 ደግሞ ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ቤታቸው ገቡ። ፕሬዚዳንቱን የሚሰይመው ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው የ538 ወኪሎች ስብስብ ስለሆነ፣ 270 ወኪል የያዘ ጨዋታውን ጨረሰ።

በ2020 ቆጠራ ዋዮሚንግ 577 ሺህ፣ ካሊፎርኒያ 39.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው። ሴኔት ውስጥ ግን ሁለቱም እኩል ሁለት ሁለት ወንበር አላቸው። በዚህ ስሌት የአንድ ዋዮሚንጋዊ ድምፅ የ68 ካሊፎርኒያውያንን ያህል ይመዝናል። ይህን ማሻሻል ይቻላል የሚል ካለ ሕገ መንግሥቱን ያንብብ፤ አንድ ግዛት በፈቃዱ ካልተወው በቀር በሴኔት ያለውን እኩል ድምፅ አይነጠቅም ይላል።

ምርጫው ማክሰኞ የሆነው በ1845 በወጣ ሕግ መሆኑንስ? ገበሬው እሑድን ቤተ ክርስቲያን ውሎ፣ ሰኞ በጋሪ ተጉዞ፣ የረቡዕ ገበያ ሳያመልጠው ድምፁን እንዲሰጥ ታስቦ ነው። ጋሪው ቀርቷል። ማክሰኞ ግን አለ፤ ያውም የሥራ ቀን ሆኖ።

በ1787 ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ባሪያው ለውክልና ቆጠራ እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው ተያዘ። ይህ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የንቀት ማሳያ ተደርጎ ብቻ ነው፤ ሂሳቡ ግን ከንቀትም የከፋ ነበር። ባሪያው አይመርጥም፤ ቁጥሩ ግን ለአሳዳሪው ግዛት ተጨማሪ ወንበር ያስገኛል። ሙሉ ሰው ሆኖ ይቆጠር ብለው የተሟገቱትም ባለባሪያዎቹ ግዛቶች ናቸው።

ዛሬስ እንዲህ ያለ ነገር የለም? አዮዋ ውስጥ አናሞሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከምርጫ ክልሎቿ አንዱ 1,400 ያህል ነዋሪ ነበረው፤ ከእነዚህ ውስጥ 1,300 ያህሉ የግዛቱ ወህኒ ቤት እስረኞች ነበሩ። በሕዝብ ቆጠራ እስረኛ የሚመዘገበው በታሰረበት ቦታ ነውና። በ2000ዎቹ አጋማሽ በዚያ ክልል ለዕጩነት ያልተመዘገበ አንድ ሰው በሁለት ድምፅ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ። አንዱን የሰጠችው ሚስቱ፣ ሌላውን የሰጠው ጎረቤት ነው። ከተማዋ በኋላ አሠራሩን ቀይራለች፤ በብዙ ግዛቶች ግን እስረኛው አሁንም የማይመርጥበትን ክልል ቁጥር ያሳድጋል።

እስረኛ ሳይቀር የሚመርጥባቸው ግዛቶችም አሉ፤ ሜይንና ቨርሞንት። በሌላ በኩል ፍሎሪዳን እንይ። በ2018 ከመራጩ ከ64 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ቅጣታቸውን የጨረሱ ሰዎች የመምረጥ መብታቸው ይመለስላቸው ብሎ ወሰነ። ዓመት ሳይሞላ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች መጀመሪያ የፍርድ ቤት ክፍያና መቀጮ ይከፈል አሉ። ገንዘብ ያለው መረጠ፤ የሌለው ቆመ።

በአብዛኞቹ ግዛቶች እስረኛ መምረጥ ቢከለከልም፣ ለፕሬዚዳንትነት መወዳደር ግን አይከለከልም። ሶሻሊስቱ ዩጂን ዴብስ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ተቃውመው በ1918 ኦሃዮ ውስጥ ባሰሙት ንግግር 10 ዓመት ተፈረደባቸው። በ1920 አትላንታ ወህኒ ቤት ሆነው ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ከ900 ሺህ በላይ ድምፅ አገኙ።

ያውቁ ኖሯል? በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲያቸው እንዲመች ተጣሞ የተሠመረ የምርጫ ካርታ ላይ ፈረሙ። ከክልሎቹ አንዱ ቅርጹ እንሽላሊት መስሎ ስለወጣ ጋዜጣ ተሳለቀበት፤ ድርጊቱም በስማቸው ተጠርቶ ቀረ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ለፓርቲ ጥቅም የሚደረግን እንዲህ ያለ ሥመራ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት አይችሉም ብሏል።

ፋኒ ሉ ሄመርን ግን በአጭሩ ማለፍ አይቻልም። በ1962 ይህች ሚሲሲፒያዊት የጥጥ ሠራተኛ ለመራጭነት ልትመዘገብ ሄደች። የግዛቱን ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ አብራሪ ተብላ በፈተናው ወደቀች፤ እዚያው ቀን ለ18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ተባረረች። በዓመቱ ዊኖና ከተማ ታስራ ክፉኛ ተደበደበች። በነሐሴ 1964 በዲሞክራቶች ጉባኤ ላይ ይህን ሁሉ በቀጥታ ቴሌቪዥን ስትናገር ፕሬዚዳንት ጆንሰን ደነገጡ፤ ካሜራው ከሷ እንዲነሳ ድንገተኛ መግለጫ ጠሩ። ካሜራው ተነሳ። ማታ ላይ ግን ጣቢያዎቹ ቃሏን ደግመው አሳዩት፤ ከቀኑ የበለጠ ሕዝብ ተመለከተው። ፓርቲው በጉባኤው ሁለት የውክልና ወንበር ይበቃችኋል ቢላቸው፣ እሷና ሚሲሲፒን እንወክል ብለው አብረዋት የመጡት አንቀበልም አሉ።

የመራጭነት መብት አዋጁ የወጣው በማግስቱ ዓመት፣ በ1965 ነው፤ መብቱን የጠየቁ ሰልፈኞች አላባማ ውስጥ በሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ከተደበደቡ በኋላ። ድልድዩ የተሰየመው ባርነትን ለማቆየት በተዋጋው የደቡብ ጄኔራል በኤድመንድ ፔተስ ነው፤ ስሙ አልተቀየረም። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አንዳንድ ግዛቶች የምርጫ ሕጋቸውን ለመለወጥ የፌዴራል ፈቃድ እንዲጠይቁ ያደረገውን የአዋጁን ዋና አንቀጽ ሲሽር፣ ቴክሳስ በሰዓታት ውስጥ አዲሱን የመታወቂያ ሕጓን ሥራ ላይ አዋለች። በዚያ ሕግ የሽጉጥ ፈቃድ ለመምረጥ ያገለግላል፤ የተማሪ መታወቂያ አያገለግልም። ይህን ያነበበ ሰው ሕጉ ለማን እንደተሰፋ አይጠፋውም።

በሴኔት ረጅሙ ንግግር ለ68 ዓመት ያህል የስትሮም ተርመንድ ነበር፤ በ1957 የዜጎች መብት ሕግን ለመቃወም 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናግረዋል። በ2025 ክብረ ወሰኑን የሰበሩት ጥቁሩ ሴናተር ኮሪ ቡከር ናቸው፤ 25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ።

የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ደሴቲቱ ላይ እስከኖሩ ድረስ ፕሬዚዳንት አይመርጡም።

ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲስ? ከዋዮሚንግ የበለጠ ሕዝብ አላት፤ በሴኔት ግን አንድም ወንበር የላትም፤ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የምትልከው ሰውም በሕግ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ከ2000 ጀምሮ የመኪኖቿ ታርጋ፣ ሳንወከል ግብር እንከፍላለን የሚል ስሞታ ተጽፎበታል። በከተማዋ ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ በአማርኛም ማስተናገድ አለባቸው፤ ከተማዋ ራሷ የምታወጣውን ሕግ ግን ኮንግረሱ ሲያሻው ይሽረዋል፤ በ2023 የወንጀል ሕጓን እንዲሁ አድርጓል።

የተሰጠ ድምፅም ሊሻር ይችላል፤ ደመወዝን እንይ። የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ወዲህ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል። ቲፕ ለሚቀበል አስተናጋጅ ቀጣሪው እንዲከፍል የሚገደደው 2.13 ዶላር ብቻ ነው፤ ያም ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ዳላስ ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠራ የሐበሻ ልጅ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። የዲሲ መራጮች በ2018 ይህ ልዩነት ይቅር ብለው ድምፅ ሰጡ፤ የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሻረው። በ2022 እንደገና፣ በሰፊ ብልጫ፣ ይቅር አሉ። በ2025 ምክር ቤቱ እንደገና ሸራረፈው።