እግር ሲታሰር እጅ አይታሰር

ሰው ጤነኛ ሳለ እግሩን አያስበውም። ወንዝ ይሻገራል፤ ዳገት ይወጣል፤ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። እግሩ የተሰበረ ዕለት ግን ከመደብ እስከ በር ያለው መንገድ ይርቀዋል። ዛሬ የምናወራችሁ ይህ ስለ ደረሰባቸው አንድ አባወራና ስለ ቤተሰባቸው ነው።

አባወራው የሚኖሩት በጎጃም፣ በእንጅባራ አካባቢ ነው። አገሩ ደጋ ነው። ገብስና ድንች ያበቅላል። ቀርከሃም በየጓሮው ይገኛል። እሳቸው ገበሬ ናቸው። ሚስትና 4 ልጆች አሏቸው። ትልቁ ወንድ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ትንሹ ገና ዳዴ ይላል።

በጥር ወር ባሕር ዛፍ ሲቆርጡ ግንዱ ተንሸራቶ ቅልጥማቸው ላይ ወደቀ። «ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት» ይላሉ። ቆዳው አልተቀደደም። አጥንቱ ግን ተሰብሯል። ጎረቤት ተሰብስቦ ቤት አስገባቸው። ወጌሻም ተጠራ። ወጌሻው ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ በጨርቅና በገመድ እግሩን ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

ያች ሌሊት

ሲመሽ ሕመሙ ባሰ። ሌሊት አባወራው መጮህ ጀመሩ። በአጠገባቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ቻለው። አጥንት ሲገጥም እንዲህ ያማል» አሏቸው።

ሚስታቸው ግን ኩራዝ ይዘው እግሩን አዩ። የእግሩ ጣቶች አብጠዋል። መልካቸው ጠቁሯል። ሲነኳቸው እንደ ውሃ ቀዝቅዘዋል።

«ጣትህን ስነካው ይሰማሃል?» ሲሉ ጠየቁ።

«የቱን ጣት?» አሉ ባልየው።

ሚስትየው ከዚያ በኋላ ሰው አልጠየቁም። ቢላዋ አምጥተው ገመዱን በጠሱት። ሽማግሌው ተቆጡ። «አጥንቱን አበላሸሽው!» አሉ። ሚስትየውም፣ «አባቴ፣ አጥንቱ ቢጣመም ይሻለኛል፤ እግሩ እየሞተ ነው» ብለው መለሱ። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቹ ሙቀት አገኙ። ጎሕ ሲቀድ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው እመንገድ አደረሷቸው። ከዚያም በመኪና ሐኪም ቤት ገቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተሰበረ እግር ያብጣል። ጥብቅ ማሰሪያ ግን አብሮ አይሰፋም። እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ ደም ሥሩን ይጫነዋል። ደም ያልደረሰው ሥጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከሞተ በኋላ መድኃኒት አያድነውም፤ እግሩ ይቆረጣል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እጃቸውን ወይም እግራቸውን ያጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

ሐኪሙ አጥንቱን አስተካክሎ ከጭን እስከ ጣት ሥር ጀሶ አደረገላቸው። «በአዋቂ ሰው የቅልጥም አጥንት ለመጠገን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። እኛ ሳንፈቅድ እግርዎን እንዳይረግጡበት» አላቸው። አባወራው በልባቸው ቆጠሩ። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። እርሻው ሊጀመር ነው። ማን ያርሳል?

ቤት ውስጥ የዋለ ሰው

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። እግሩ በትራስ ላይ ከፍ ብሎ ይውላል። አባወራው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ወጡ ቀዘቀዘ ብለው ይቆጣሉ። ልጅ አለቀሰ ብለው ይቆጣሉ። አንድ ቀን ጀሶው ውስጥ አሳከካቸውና ልጃቸውን እንጨት አምጪ አሏት። እሷም፣ «አባ፣ ሐኪሙ እንጨት አታስገቡ ብሏል እኮ። ቢያቆስልህስ?» አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚህም ተቆጡ። ነገር ግን እንጨቱ አልመጣም።

ቀን ሙሉ እቤት ሲውሉ ግን ከዚህ በፊት ያላዩትን ማየት ጀመሩ።

«እኔ እርሻ ውዬ ስመለስ እሷ ቤት ተቀምጣ የዋለች ይመስለኝ ነበር» ይላሉ። «አሁን ቆጠርኩት። ዶሮ ሳይጮህ ትነሣለች። ቁርስ ሳይቀርብ ሁለት ጊዜ ውሃ ትቀዳለች። ትጋግራለች፤ እበት ትጠርጋለች፤ ልጅ ታጠባለች። ተቀምጣ ያየኋት ቡና ስታፈላ ብቻ ነው።»

አንድ ጧት አባወራው፣ «እስቲ ያንን ድንች ወዲህ በይው» አሉ። ተቀምጠው ላጡ። ሽንኩርትም ከተፉ። ትንሹን ልጅ ታቅፈው አስተኙ። ጎረቤት ገብቶ ሲያያቸው ሳቀ። «አያ፣ ሴት ሆንክ እንዴ?» አላቸው። እሳቸውም፣ «ሴት ብሆንማ እስካሁን ሥራውን በጨረስኩት» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ቀን በኋላ ቁጣው ቀነሰ።

ብድሩ

መጋቢት ሲገባ ትልቁ ልጅ በሬ ጠመደ። ጉልበቱ ግን ገና ነው። ጎረቤቶች በወንፈል መጥተው አረሱላቸው። ወንፈል ብድር ነው። ዛሬ የመጣልህን ነገ ሄደህ ትመልሳለህ። አባወራው መሄድ አይችሉም። «ሰው በእኔ መሬት ሲደክም እኔ እንደ ሕፃን ተኝቼ እበላለሁ» እያሉ እንቅልፍ አጡ።

አንድ ቀን በግድግዳው ሥር የቆመውን ቀርከሃ አዩ። ልጃቸውን ጠሩና፣ «ቢላዋውን አምጣ» አሉት። አባታቸው ቀፎ ሠሪ ነበሩ። እሳቸውም በልጅነታቸው ያዩት ነበር። ቀርከሃውን በቀጭኑ ሰነጠቁ። የመጀመሪያው ቀፎ ተጣመመ። ፈቱት። ሁለተኛው ቆመ። ቁመቱ 1 ሜትር ያህል፣ እንደ ድቡልቡል በርሜል ሆነ። ልጆቹ እበትና ጭቃ ለወሱ። ሴት ልጃቸው ቀባችው። ጥላ ላይ አደረቁት። ሚስትየው በወይራ ጢስ አጠኑት።

«ሥራ ስይዝ ሕመሙ ይረሳኛል» ይላሉ አባወራው። «ሌሊትም እንቅልፍ ይወስደኛል። እግሬ ታስሯል፤ እጄን ግን ማን አሰረው?»

በ2 ወር ውስጥ 4 ቀፎና 6 ቅርጫት ሠሩ። ሁለቱን ቀፎና ቅርጫቶቹን ወንፈል ለመጡት ጎረቤቶች ላኩ። አንዱ ጎረቤት፣ «ብድር አይደለም ብያለሁ» ብሎ ሊመልስ መጣ። አባወራው ግን አልተቀበሉም። «አንተ በጉልበትህ መጣህ። እኔም በእጄ መጣሁ። ተከፋፍለናል» አሉት።

መነሣት

ጀሶው ሲወጣ እግሩ ቀጥኖ ነበር። ጉልበቱም አልታጠፍ አለ። ይህ የተለመደ ነው። ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል። ሐኪሙ ባሳያቸው መሠረት ጧትና ማታ ጉልበታቸውን ማጠፍና መዘርጋት ያዙ። በሁለት ምርኩዝ መሄድም ተማሩ። መጀመሪያ ብብታቸውን ተደግፈው እጃቸው ደነዘዘ። ምርኩዝ ክብደቱ በእጅ መዳፍ ላይ እንጂ በብብት ላይ አይደለም። ሚስትየው ከኋላ እየተከተሉ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሏቸው ነበር።

መስከረም ላይ ትልቁ ልጅ የቀሩትን ሁለት ቀፎዎች ዛፍ ላይ ሰቀለ። አባወራው አንድ ዱላ ይዘው ከሥር ቆመው አዘዙት። በአንዱ ቀፎ ንብ ገባበት። ሁለተኛው እስካሁን ባዶ ነው። እግራቸው በብርድ ጊዜ ያማቸዋል። ቢሆንም ያርሳሉ። ድንች መላጡንም አልተዉትም።

እናንተስ?

ከቤታችሁ ሰው ቢሰበር እነዚህን አስታውሱ።

1. የተሰበረውን እግር ወይም እጅ ሳያነቃንቁ ደግፎ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

2. ማሰሪያም ሆነ ጀሶ ካለ ጣቶቹን እያያችሁ ንኳቸው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከነጡ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ አትጠብቁ። ማሰሪያውን አላሉት። ጀሶ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሌሊት ነው፣ ነገ ይሁን አትበሉ።

3. በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሩን በትራስ ከፍ አድርጉ። ጣቶቹን ቶሎ ቶሎ ማንቀሳቀስ ደግ ነው።

4. ጀሶ ውሃ አይንካው። ውስጡም እንጨት አይግባ።

5. አጥንት የሚጠገነው በምግብ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ሽሮና ጎመን ይስጡት። ሲጋራ አጥንት ቶሎ እንዳይገጥም ያደርጋል፤ ይተወው።

6. በሽተኛውን ብቻውን አታስተኙት። የሚችለውን ሥራ እጁ ላይ አድርጉለት። ገመድ ይግመድ፤ ቅርጫት ይሥራ፤ ልጅ ይያዝ። ጊዜው ያልፍለታል። ቤቱም ይረዳዋል፤ እሱም ቤቱን ይረዳል።