ወጥቶ መመለስ፦ በካያክ ዓሣ የማጥመድ ፊዚክስ

በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ያየ ሰው፣ በቀላል ጀልባ ላይ ተቀምጦና በገዛ ክንዱ ቀዝፎ ዓሣ ማጥመድ እንደሚቻል ማስረጃ አያሻውም። በሌላው የዓለም ጫፍ ደግሞ የአርክቲክ ሕዝቦች በእንጨት ወይም በአጥንት ማዋቀሪያ ላይ የባሕር እንስሳትን ቆዳ ወጥረው፣ ካያክ የተባለውን ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ ለአደን ሲገለገሉበት ኖረዋል። ዛሬ ካያክ በአብዛኛው ከፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች ጓደኛሞች ተሰባስበው በውቅያኖስ ዳርቻ ዓሣ ሲያጠምዱበት ይውላሉ።

በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ የሚገኘውን የሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ እንመለከታለን። ሦስት ጓደኛሞች ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ነፋስ ሳይነሳና ውኃው ጸጥ ብሎ ሳለ ከዳርቻው ተነሱ እንበል። ካያኩ ይንሳፈፋል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የቀለለው ነው። ከባዱ ጥያቄ የወጣው ሰው በሰላም ይመለሳል ወይ? ተይዞ የተለቀቀውስ ዓሣ ወደ መኖሪያው ይመለሳል ወይ? የሚለው ነው። የሁለቱም መልስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምንማራቸው ሕጎች ውስጥ ይገኛል።

መንሳፈፍና አለመገልበጥ

በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት አንድ ተንሳፋፊ አካል ከራሱ ክብደት ጋር እኩል የሆነ ክብደት ያለው ውኃ ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ካያኩ 35፣ ሰውዬው 70፣ ዕቃው 15 ኪሎ ግራም ቢሆን ድምሩ 120 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ሊትር የሐይቅ ውኃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ካያኩ በሐይቅ ላይ 120 ሊትር ውኃ መግፋት አለበት። የባሕር ውኃ ግን ጨው ስላለበት በሊትር 1.025 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በመሆኑም እዚያ 117 ሊትር ያህል ይበቃዋል። ልዩነቱ ጥቂት ነው።

የመገልበጥ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የሰውዬውና የካያኩ ክብደት በስበት ማዕከሉ በኩል ወደ ታች ሲጫን፣ የውኃው ግፊት ደግሞ በውኃ ውስጥ ባለው የጀልባው ክፍል ማዕከል በኩል ወደ ላይ ይገፋል። ካያኩ ወደ ጎን ሲያዘነብል በውኃ ውስጥ ያለው ክፍል ቅርጹን ስለሚለውጥ፣ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የሚያርፍበት ቦታ ወዳዘነበለበት ጎን ይሸሻል። ይህ ሽሽት በቂ ከሆነ ሁለቱ ኃይሎች ተባብረው ካያኩን ያቃናሉ፤ በቂ ካልሆነ ይገለብጡታል። ሰውዬው ቁጭ ሲል ተረጋግቶ የነበረ ካያክ ሲቆም የሚገለበጠው፣ የስበት ማዕከሉ ከፍ ስለሚል ነው።

እዚህ ላይ የጀልባው ስፋት ታላቅ ድርሻ አለው። ክብደቱ ሳይለወጥ ካያኩ ሲሰፋ፣ ከስፋቱ የሚገኘው የማቃናት አቅም በስፋቱ ኩብ መጠን ያድጋል። ስፋቱን ከ60 ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ብናሳድገው 1.25 ለራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 1.95 ይሆናል፤ ይኸውም እጥፍ ሊባል ጥቂት የቀረው ነው። ለዓሣ ማጥመጃ የሚሠሩ ካያኮች ከሌሎቹ ሰፋ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ፍጥነት ነው።

የከሰዓት በኋላው ነፋስ

ፀሐይ ከፍ ስትል የብስ ከባሕር ፈጥኖ ይሞቃል። በሞንተሬይ አቅራቢያ ያለው የሳሊናስ ሸለቆ ሲግል፣ በላዩ ያለው አየር እየሰፋ ወደ ላይ ይነሳል፤ ቀዝቃዛው የባሕር አየርም ቦታውን ሊይዝ ይገሰግሳል። በበልግና በበጋ ወራት ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ከዚህ ጋር ስለሚደመር፣ ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ባሕር ከሰዓት በኋላ በሞገድ ይሸፈናል።

ነፋስ በአንድ አካል ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ መጠን ያድጋል። ፍጥነቱ ከ10 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በጸጥታ ጊዜ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚቀዝፍ ሰው 4 ኪሎ ሜትሩን በ48 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ነፋሱ ፍጥነቱን ወደ 2 ኪሎ ሜትር ካወረደበት ግን ያው መንገድ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያውም ክንዱ ከዛለ በኋላ። ስለሆነም ልምድ ያላቸው ቀዛፊዎች ጉልበታቸው ትኩስ ሳለ፣ ነፋሱ ይመጣበታል ተብሎ ወደሚጠበቀው አቅጣጫ አስቀድመው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ነፋሱ ከኋላቸው ይሆናል።

ቀዝቃዛው ውኃና ጓደኛ

የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ሌላም ሥራ አለው። ከመሬት ሽክርክሪት ጋር ተጣምሮ የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው ያርቀዋል፤ ከጥልቁም ቀዝቃዛና በማዕድናት የበለጸገ ውኃ ይተካል። ደቂቅ የባሕር እጽዋት በዚህ ይበለጽጋሉ፣ ዓሣውም ይበዛል። በሌላ በኩል የባሕሩ ሙቀት ዓመቱን በሙሉ ለማለት ይቻላል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆያል። አጥማጁን ወደዚያ የሚስበው ዓሣና ሕይወቱን የሚያሰጋው ቅዝቃዜ የአንድ ምክንያት ሁለት ውጤቶች ናቸው።

ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ የተሻለ ያስተላልፋል። ሳይዘጋጅ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ሳይፈልግ ትንፋሹን በኃይል ይስባል፤ አፉ ከውኃ በታች ከሆነ ያ አንድ ትንፋሽ ሊገድለው ይችላል። ቀጥሎም የእጁና የእግሩ ጡንቻዎች እየደነዘዙ መዋኘትም ሆነ ጀልባ መጨበጥ ያቅተዋል። ብዙዎች የሚሞቱት የሰውነታቸው ሙቀት ገና ብዙ ሳይወርድ ሰጥመው ነው። ጎበዝ ዋናተኛ መሆን ብቻውን ዋስትና የማይሆነውም ለዚህ ነው። የሕይወት አድን ጃኬት አፍን ከውኃ በላይ ያቆያል፤ የቅዝቃዜ መከላከያ ልብስ ደግሞ ጊዜ ይገዛል። ጃኬቱ ግን የሚያድነው ከመውደቅ በፊት ከተለበሰ ነው።

የጓደኛ ጥቅምም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሲገለበጥ ሌላው ካያኩን ከተቃናው ካያክ ጎን አስጠግቶ አጥብቆ ይይዘዋል። ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ካያኮች እንደ አንድ ሰፊ ጀልባ ስለሚሆኑ፣ ከላይ ያየነው የኩብ ሕግ መረጋጋታቸውን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል፤ በውኃ ውስጥ ያለውም ሰው ሳይገለብጣቸው ሊወጣ ይችላል። ይህ የሚሆነው ጓደኛው ፈጥኖ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ላይ ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ላይ ወጥተው በየፊናቸው የተበታተኑ ሦስት ሰዎች፣ ከፊዚክስ አንጻር ብቻቸውን የወጡ ሦስት ሰዎች ናቸው።

የዓሣው መመለሻ

በሞንተሬይ ድንጋያማ ወለል ላይ የሚኖሩት የድንጋይ ዓሦች ረጅም ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ዓይነ ቢጫ የተባለው ዝርያ ከ100 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ብዙ ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ ባለ የአየር ከረጢት አማካይነት በውኃ ውስጥ ሚዛናቸውን ይጠብቃሉ። የድንጋይ ዓሦች ከረጢት ወደ ጉሮሮ የሚያወጣ ቱቦ ስለሌለው፣ በውስጡ ያለው አየር በፍጥነት ሊወጣ አይችልም።

በባሕር ውስጥ ግፊት በየ10 ሜትሩ በአንድ አትሞስፌር ያህል ይጨምራል። በ40 ሜትር ጥልቀት ላይ የከባቢ አየሩ ግፊት ተጨምሮበት 5 አትሞስፌር ይሆናል። በመንጠቆ ተይዞ ወደ ላይ የተሳበ ዓሣ ግፊቱ ወደ 1 ሲወርድበት፣ በቦይል ሕግ መሠረት በውስጡ ያለው አየር እስከ አምስት እጥፍ ሊሰፋ ይታገላል። ዓይኑ ይጎለጎላል፤ ጨጓራውም ተገልብጦ በአፉ በኩል ብቅ ይላል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ወደ ባሕር መልሰን ብንጥለው እንደ ፊኛ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ የባሕር ወፎችም ሲሳይ ይሆናል።

መፍትሔው ያው ሕግ ነው። ዓሣው ክብደት በታሰረበት ገመድ በቶሎ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ግፊቱ አየሩን መልሶ ያሳንሰዋል፤ በዚህ መንገድ የተመለሱ የድንጋይ ዓሦች ብዙዎቹ በሕይወት እንደሚተርፉ በጥናት ታይቷል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ካናሪ የተባለው የድንጋይ ዓሣ ዝርያ ከመጠን በላይ እንደተጠመደ እ.ኤ.አ. በ2000 ታውጆ፣ ጥብቅ ቁጥጥር ከተደረገለት በኋላ ማገገሙ የተረጋገጠው በ2015 ነው። በአገራችን ቆሮሶም የተዘጋ የአየር ከረጢት አለው፤ ሆኖም የጣና ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ችግሩ ያን ያህል አይጎላም።

ለተማሪዎች

ውድ አንባቢ፣ ከላይ የተባለውን በቀላሉ መሞከር ይቻላል። ባዶ የፕላስቲክ ሣህን በባልዲ ውኃ ላይ አንሳፍፈህ አንድ ድንጋይ በመሐሉ አስቀምጥ፤ ከዚያም ያንኑ ድንጋይ በቆርቆሮ ጣሳ ላይ ከፍ አድርገህ አስቀምጠውና ሣህኑን በጣትህ ወደ ጎን ነካ አድርገው። መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ጫፍ በጣትህ ዘግተህም መግፊያውን ወደ ኋላ ሳበው። በውስጡ የተዘጋው አየር ግፊቱ ሲቀንስ እንዴት እንደሚሰፋ ታያለህ። ሰውየውን ወደ ዳርቻ፣ ዓሣውን ወደ ጥልቁ የሚመልሰው፣ ይህን ሕግ ከመነሳት በፊት ማወቅ ነው።