ደብተር ተዘግቶ የሚሠራ ዓረፍተ ነገር

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሴቻም ሆነ በሲቀላ ሰፈር፣ የአንድ ተማሪ የእንግሊዝኛ ደብተር ቢገለጥ፣ ለሁለት የተከፈለ ገጽ ማየት አይከብድም፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ፈተና ሲቃረብ ይሸመደዳል፤ ፈተናው ሲያልፍ አብሮት ይሄዳል።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጄፍሪ ካርፒክ እና ሄንሪ ሮዲገር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለኮሌጅ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከነእንግሊዝኛ ፍቺያቸው አስጠኑ። አንዳንዶቹ አንዴ የመለሱትን ቃል ማንበባቸውን ቀጠሉ እንጂ ዳግም አልተጠየቁም፤ ሌሎቹ ማንበቡን ትተው መጠየቃቸውን ቀጠሉ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሲሶ ያህሉን፣ ሁለተኛዎቹ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። እኔን የሚገርመኝ ግን ግምታቸው ነው፦ ሁሉም ግማሽ ያህሉን እናስታውሳለን ብለው ነበር። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል፤ ትውስታን የሚያጠነክረው ግን ቃሉን ሳያዩ ከአእምሮ ፈልጎ ማውጣት ነው።

ስለዚህ መምህሩ ፍቺውን እንደጻፈ «ዓረፍተ ነገር ሥሩበት» ሲል፣ ሥራው ጥሩ ሆኖ ሰዓቱ ቸኩሏል። ቃሉ ገና ሰሌዳው ላይ ነው፤ የሚፈለግ ነገር የለም። በማግስቱ፣ ከዚያም ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ደብተር ተዘግቶ ቢሠራ ይሻላል። ዓረፍተ ነገሩም ከሚያውቁት ነገር ቢነሣ ይመረጣል። «ኢሮዥን» (መሸርሸር) የሚለውን ቃል ያጠና የጋሞ ልጅ «ሶይል ኢሮዥን ሜክስ ሌክ አባያ ብራውን» ቢል፣ ቃሉ ከደጋው በጎርፍ ከሚታጠበው አፈርና በየቀኑ ከሚያየው ሐይቅ ጋር ይተሳሰርለታል።

የቃላት ዝርዝር የማያስተምረው ሌላም ነገር አለ። ጋሞኛም አማርኛም ግሳቸውን ወደ መጨረሻ ይገፋሉ፤ እንግሊዝኛ መሐል ላይ ይተክለዋል። ሠላሳ ቃል የሸመደደ ልጅ አንዱንም ሰክቶ መናገር የሚያቅተው አንዳንዴ ለዚህ ነው። (ፊደሉ እንኳ ብዙም አያስቸግረውም፤ ጋሞኛን በላቲን ፊደል የተማረ ልጅ ለፊደሉ አዲስ አይደለም። ብቻ «ጥ» እያለ ያነበባት ኤክስ እንግሊዝኛ ላይ ድምፅዋን ትቀይርበታለች።)

የትኞቹ ቃላት አብረው እንደሚጠኑም ልብ ማለት ያሻል። የመማሪያ መጻሕፍት የእንስሳትን ስም በአንድ ገጽ መደርደር ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቶማስ ቲንክሃም ያደረጋቸው ጥናቶች ግን፣ የአንድ ወገን ቃላት አብረው ሲጠኑ እርስ በርስ እንደሚምታቱ፣ በአንድ ታሪክ የሚገናኙት ግን እንደሚቀሉ አሳይተዋል። ጫሞ ሐይቅ ዳር ላለ ተማሪ የአዞን ስም ከእንቁላል፣ ከአሸዋና ከፀሐይ ጋር ማጥናት ይበጀዋል። ጉማሬው ለሌላ ቀን ይቆየው።