የተከፈተ ፋይል ሁሉ የተነበበ አይደለም

መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ቤተ መዛግብት ሰነዶቻቸውን የሚያደራጁበት የሰነድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ከሚመዘንባቸው መስፈርቶች አንዱ ስንት ዓይነት የፋይል ቅርጸት ተቀብሎ ወደ ሌላ ቅርጸት መለወጥ እንደሚችል ነው። ቅርጸት ማለት አንድ ፕሮግራም ጽሑፍን፣ ሥዕልን ወይም ሠንጠረዥን በተከታታይ ቁጥሮች መልክ የሚያስቀምጥበት ስምምነት ሲሆን፣ ስምምነቱን የማያውቅ ሌላ ፕሮግራም ቁጥሮቹ በእጁ ቢሆኑም ምን እንደሚሉ ሊያውቅ አይችልም። የሶፍትዌር አምራቾች የሚደግፏቸውን ቅርጸቶች በረዥም ዝርዝር ያቀርባሉ፤ ይሁን እንጂ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ፋይል ስለተከፈተ ብቻ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ተነቧል ማለት አይደለም፤ ይህም ልዩነት በግዕዝ ፊደል ለተጻፉ ሰነዶችና በደቡብ ኦሞ ለሚነገሩ ቋንቋዎች መዛግብት የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

በደቡብ ኦሞ፣ ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠውና ወንዙ ወደ ጨው ባሕር የሚወርድበት የወይጦ ሸለቆ የፀማይ፣ የአርቦሬና የኦንጎታ ሕዝቦች መኖሪያ ነው። ከእነዚህ መካከል የኦንጎታ ቋንቋ ዛሬ በጣት በሚቆጠሩ አዛውንት አንደበት ብቻ የቀረ ሲሆን፣ የማኅበረሰቡ አባላት በአብዛኛው ወደ ፀማይኛ ተሻግረዋል፤ ቋንቋው ከየትኛው ቤተሰብ እንደሚመደብም ምሁራን እስካሁን አልተስማሙበትም። ጣሊያናውያኑ የቋንቋ ሊቃውንት ግራዚያኖ ሳቫና ማውሮ ቶስኮ የኦንጎታን የሰዋስው ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙ ሲሆን፣ ሳቫ በ2005 የፀማይኛን ሰዋስው ለብቻው አሳትሟል። እንዲህ ያለው ሥራ ከታተመው መጽሐፍ ባሻገር የቃላት ዝርዝሮችን፣ የተቀዱ ትረካዎችንና የማስታወሻ ፋይሎችን ያስከትላል፤ ተናጋሪዎቹ ባለፉ ጊዜም ለቋንቋው ምስክር ሆነው የሚቀሩት እነዚሁ ፋይሎች ናቸው።

የሰነድ ማስተዳደሪያ ሥርዓት አንድ ፋይል ሲቀርብለት በመጀመሪያ የሚያደርገው ዓይነቱን መለየት ነው። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ቅጥያ በቀላሉ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ጥንቁቅ ሥርዓት በፋይሉ መግቢያ ላይ ያሉትን ጥቂት ባይቶች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር የሚይዙትን የመረጃ መለኪያዎች ይመረምራል። ከዎርድ 2007 ወዲህ የተለመደው የዶክኤክስ ፋይል በውስጡ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን የያዘ የዚፕ ጥቅል በመሆኑ፣ የዚፕ ፈጣሪ የሆነው የፊል ካትዝ ስም መነሻ የሆኑት ሁለት የላቲን ፊደላት ከፊቱ ይገኛሉ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እንዲህ ያሉትን መለያዎች የሚመዘግብበት ፕሮኖም የተባለ መዝገብ ያለው ሲሆን፣ በብዙ አገሮች የሚገኙ ቤተ መዛግብትም ይጠቀሙበታል።

መለየት ግን የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጥበትና እ.ኤ.አ. በ2002 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በሂውሌት ፓካርድ ትብብር የወጣው ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር ይህን በግልጽ ያሳያል። ዲስፔስ ቅርጸቶችን በሦስት ደረጃ ይመድባል፤ የተደገፈ የተባለው ቅርጸት ተቋሙ ወደፊትም አገልግሎት ላይ እንዲውል አደርገዋለሁ ብሎ የሚተማመንበት፣ የታወቀ የተባለው ዓይነቱ ቢለይም ተቋሙ ባይቶቹን እንዳሉ ከመጠበቅ በላይ ቃል የማይገባበት፣ ያልታወቀ የተባለው ደግሞ ምንነቱ ሳይለይ የሚቀመጥ ነው። በዚህ አመዳደብ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ደረጃውን የሚሰጠው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ተቋሙ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ድጋፍ የሚለው ቃል ቴክኒካዊ ችሎታን ብቻ ሳይሆን የኃላፊነት ቃል ኪዳንንም ይይዛል። ብዙ ተቋማት ግን ይህን የቅርጸቶች ደረጃ ሠንጠረዥ ከሶፍትዌሩ ጋር እንደመጣ ይተዉታል፤ ይህም ለአገራችን ሰነዶች በቂ አይደለም።

በቂ የማይሆንበት ምክንያት በፊደላችን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ይመድቡ ስለነበር 256 ቦታ ብቻ ነበራቸው፤ ከእነዚህም 33ቱ ለመቆጣጠሪያ ትእዛዛት የተያዙ ነበሩ። የአማርኛ 33 ሆሄያት በ7 ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ፣ በቀሩት 223 ቦታዎች እንኳንስ ዲቃላ ሆሄያቱ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ተጨምረው፣ መደበኛዎቹ ሆሄያትም ብቻቸውን አይገቡም። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የመሰሉ ሶፍትዌሮች ይህን ችግር በየራሳቸው ብልሃት ተሻግረውታል፤ አንዳንዶቹ ሆሄያቱን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሏቸው፣ ሌሎቹም ሆሄውን ከግንዱና ከቅጥያው ገጣጥመው ሠሩት። ለአገሪቱ የጽሕፈት ሥራ የሰጡት አገልግሎት ከፍ ያለ ነው። ሆኖም በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር በመሆኑና ግዕዝ መስሎ የሚታየው በፎንቱ ሥዕል ብቻ ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የአማርኛው ደብዳቤ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምችት ይሆናል።

ዩኒኮድ የተባለውና ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ነው። በዚህ መሠረት ወይጦ የሚለው ስም 4808፣ 4845 እና 4902 በሚሉ ሦስት ቁጥሮች የሚጻፍ ሲሆን፣ ዩቲኤፍ ስምንት በተባለው የተለመደ አቀማመጥ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ስለሚወስድ በጠቅላላው ዘጠኝ ባይት ይሆናል። አንድ የልወጣ ፕሮግራም ይህን በአሮጌው የላቲን ስምምነት ካነበበው ከሦስት ሆሄያት ዘጠኝ ምልክቶች ይወለዳሉ፤ የሦስቱም ሆሄያት የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት በመሆኑም፣ ከላዩ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰ ይታያል። ይህ ምልክት ለመዝገብ ባለሙያ መልካም ዜና ነው፤ ጽሑፉ አልጠፋም፣ የተሳሳተው አነባበቡ ብቻ ነውና በትክክለኛው ስምምነት እንደገና ሲከፈት ይመለሳል።

የአሮጌ ፎንት ፋይል ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ሆሄያቱ በሁለት ፎንቶች የተከፋፈሉ ከሆነ ያው አንዱ ቁጥር በአንደኛው ፎንት አንድ ሆሄ፣ በሁለተኛው ሌላ ሆሄ ይሆናል፤ የዎርድ ፋይሉ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ መዝግቦ ስለሚይዝ በፋይሉ ላይ እንዳለ የሚሠራ መለወጫ ሁለቱን መለየት ይችላል። የሰነድ ማስተዳደሪያው ለፍለጋ እንዲመች ብሎ ጥሬ ጽሑፉን ብቻ አውጥቶ ሲያስቀምጥ ግን የፎንቱ ስም ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ነገር ግምት ነው። ፒዲኤፍም ቢሆን ዋስትና አይሰጥም፤ ፒዲኤፍ በመሠረቱ የትኛው ሥዕል በገጹ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚታተም የሚመዘግብ ቅርጸት ሲሆን፣ ሥዕሉ የየትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረው ሠንጠረዥ ከጎደለ ወይም የላቲን ፊደል ከጠቀሰ ገጹ ለዓይን ፍጹም አማርኛ ሆኖ ሳለ ወይጦ ብሎ የሚፈልግ ሰው አንድም ውጤት አያገኝም።

በወይጦ ሸለቆ ቋንቋዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ከዚህ ዓይነቱ አደጋ የራቁ አይደሉም። የፀማይኛን ወደ ውስጥ የሚሳቡ ድምፆችና የጉሮሮ ድምፆች ለመጻፍ የሥነ ድምፅ ምልክቶች ያስፈልጋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነበሩ አጥኚዎች በሰፊው የተጠቀሙባቸው የሥነ ድምፅ ፎንቶችም እንደ አሮጌዎቹ የግዕዝ ፎንቶች በላቲን ቁጥሮች ላይ የተቀመጡ ነበሩ። በአማርኛ ደብዳቤ ውስጥ የተበላሸን ቃል ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከአገባቡ ሊገምተው ይችላል፤ የኦንጎታን ቃል ግን ነገ ገምቶ የሚያቃና ሰው አይኖርም።

ዩኒኮድ በራሱ ሥራውን አይጨርስም። ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ሆሄያት የገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ስድስተኛው ዕትም ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ፎንት አይይዛቸውም። ብዙ የሰነድ ማስተዳደሪያዎች የዎርድን ፋይል ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጡት ሊብሬኦፊስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከበስተጀርባ በማሠራት ሲሆን፣ በሰርቨሩ ላይ የግዕዝ ፎንት ካልተጫነ ልወጣው ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ተጠናቆ ገጹ በባዶ ሳጥኖች ይሞላል። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉትን ነፃ ፎንቶች በሰርቨሩ ላይ መጫን የደቂቃዎች ሥራ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት እንደታየው የአስተዳደር መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ቢሮዎች ይከፋፈላሉ፣ ኮምፒውተሮችም እጅ ይለውጣሉ፤ አሮጌው ፎንት የተጫነበት የመጨረሻው ማሽንም በዚህ መካከል ከአገልግሎት ሊወጣ ይችላል። በጂንካ የሚገኙት ዩኒቨርሲቲና የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል፣ የየወረዳው የባህልና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም የሰነድ ሥርዓት በሚመርጡበት ጊዜ የአምራቹን ዝርዝር ከመቁጠር ይልቅ ከራሳቸው መዝገብ አንድ የአሮጌ ፎንት ደብዳቤና አንድ የሥነ ድምፅ ምልክት ያለበት የቃላት ዝርዝር አስገብተው፣ ከልወጣው በኋላ ቃላቱ በፍለጋ መገኘታቸውን ይፈትኑ። የተለወጠው ቅጂ ከዋናው ጎን ይቀመጥ እንጂ ዋናው አይሰረዝ፤ በመዝገቡ መግለጫ ውስጥም ፋይሉ የተጻፈበት ፎንትና ሶፍትዌር ስም ዛሬውኑ፣ የሚያውቁት ጸሐፊዎች በሥራ ላይ እያሉ፣ ይመዝገብ።